የቆመች መርከብ ሒሳብ

የእድራችን ጸሐፊ የቀድሞ ባሕር ኃይል ፔቲ ኦፊሰር ናቸው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ መልስ የድንኳን ማስቀመጫው ደጃፍ ላይ ጠረጴዛቸውን ያወጣሉ፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያሳርፉና መዋጮ ይቀበላሉ። ውዝፍ ያለበትን ሰው ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ሦስት ወር ያሳለፈ ይቀጣል፣ ስድስት ወር ያሳለፈ ይሰረዛል። ይግባኝ ብሎ ነገር የለም። አንድ ቀን ለመሸምገል ያህል «ጋሼ፣ ሰውየው ታሞም ሊሆን ይችላል እኮ» ብላቸው ቀና ብለው አዩኝ። «ታሞ ከሆነ ይምጣና ታምሜያለሁ ይበል። ሰው ዝም ስላለ ዕዳው ዝም አይልም። እኔ በውዝፍ ምን እንደሚጠፋ ያየሁ ሰው ነኝ» አሉኝ።

ያን ዕለት ነገሩን የእድር ጸሐፊ ወግ አድርጌ አለፍኩት። የገባኝ በኋላ፣ ያውም ሩቅ አገር ሄጄ ነው።

የአክስቴ ልጅ ሲያትል ይኖራል። ልጠይቀው ልሄድ ስነሣ እኚሁ ሰውዬ ሰምተው ኖሮ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «ሲያትል ነው አሉ የምትሄደው? እንግዲያው የመርከባችንን የትውልድ መንደር አይተህልኝ ና። ሐይቁ ማዶ ነው፣ ሃውተን ይባላል» አሉኝ። መርከባችን የሚሏት «ኢትዮጵያ» የተባለችውን የባሕር ኃይላችንን ትልቋን መርከብ ነው። አደራ ከባድ ነውና በወረቀት ጻፍኩት።

የአክስቴ ልጅ እንደ ብዙዎቹ የሲያትል ሐበሾች ከከተማዋ ደቡብ በኩል ነው የሚኖረው። እሑድ ከሰዓት በኋላ መኪናውን አስነሣና ሐይቁን በሚያቋርጠው፣ ውኃ ላይ በተንሳፈፈው ረጅም ድልድይ ይዞኝ ሄደ። (ድልድዩም ይከፈልበታል። አገሩ መቼም በነጻ የሚያሻግር ነገር የለውም።) ሃውተን የምትባለው መንደር እ.ኤ.አ. በ1968 ከርክላንድ ከተማ ጋር ተዋሕዳለች። የመርከብ መሥሪያው ቦታ ዛሬ ካሪሎን ፖይንት ይባላል። ሆቴል፣ ቢሮዎች፣ ምግብ ቤቶችና የሠረገላ ያህል ያጌጡ ጀልባዎች የተሰደሩበት ማሪና ሆኗል። በጦርነቱ ጊዜ ብረት ሲቀጠቀጥበት የነበረው ዳርቻ ላይ ሰው ቡናውን ይዞ ይንሸራሸራል።

ጀልባዎቹን ሳይ መጀመሪያ የመጣብኝ የሀብት ብዛት ነበር። የአክስቴ ልጅ ሳቀብኝ። የሥራ ባልደረባው የሆነ አንድ ፈረንጅ ዘጠኝ ሜትር የምትሆን ጀልባ አለችው፤ የእሷን ጣጣ በየምሳ ሰዓቱ ሲሰማ ነው የሚውለው። እዚያ ጀልባ የሚያቆም ሰው የሚከፍለው በርዝመት ነው። በጫማ ይለኩና ለአንዷ ጫማ በወር ይህን ያህል ይባላል። ጀልባህ አጭር ሆና የማቆሚያው ቦታ ረጅም ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚታሰብብህ በቦታው ርዝመት ነው። መብራት ለብቻ ነው። ኢንሹራንስ ከሌለህ አያስገቡህም። በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ በክሬን ከውኃ ወጥታ ሆዷ ተፍቆ መቀባት አለበት፤ ካልሆነ አልጌውና ቅርፊታሙ የባሕር ፍጥረት ይለጠፍባትና እንደ አሮጌ ግድግዳ ትሸበታለች። ብረቷን ጨዋማ ውኃ እንዳይበላው ዚንክ ይታሠርላታል፤ ውኃው ብረቱን ትቶ ዚንኩን ይበላል፤ ዚንኩ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል። የዋሽንግተን ሐይቅ ውኃው ጨው አልባ ስለሆነ ይሻላል፣ የጀልባ ሰዎችም ይወዱታል። የማቆሚያው ሒሳብ ግን ያው ነው።

«በዓመት ስንት ጊዜ ይነዳታል?» አልኩት።

«ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። የቀረውን ጊዜ እሷ ናት እሱን የምትነዳው።»

ፈረስ ቆሞ ይበላል፤ ግን ቢያንስ ይሰግርልሃል፣ ለንግሥ ይዘኸው ትወጣለህ። ጀልባ ቆማ ስትበላ የሚታይ ነገር የለም። ደግሞ አልከፍልም ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ጠየቅሁ። በዚያ ስቴት ሕግ የማሪናው ባለቤት ውዝፍ ያለባትን ጀልባ በሰንሰለት አሥሮ የመያዝ መብት አለው። ማስታወቂያ ይለጥፋል፣ ለባለቤቱ ደብዳቤ ይልካል፣ ቀኑ ሲያልፍ በሐራጅ ይሸጣታል። የጸሐፊያችን ነገር ብልጭ ያለልኝ እዚያ ጋ ነው።

እስቲ ወደ መርከቢቱ ልመለስ። ከዚህ በታች ያሉትን ዓመቶች ካልገለጽኩ በቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የመርከብ መዝገብ በዚያ ስለሚሄድ ነው።

«ኢትዮጵያ» ስትወለድ ስሟ ኦርካ ነበር። ሃውተን ላይ በ1942 ውኃ ነክታ፣ በ1944 መጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሎት ውስጥ ገባች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ ነው። ሥራዋ ውኃ ላይ የሚያርፉትን የጦር አውሮፕላኖች ነዳጅና መለዋወጫ እየሰጡ ማኖር ነበር። በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ፊሊፒንስ አካባቢ ከጃፓን ጋር የተደረገውን ውጊያ አይታለች። አብዛኞቹ እህቶቿም የዚያው የሐይቅ ዳር ልጆች ናቸው። ሐይቅ ዳር የተሠራ የጦር መርከብ በቦይና በውኃ በር ወርዶ ውቅያኖስ መግባቱ ለእኔ ቢጤው የደጋ ሰው እስካሁን ተረት ነው የሚመስለኝ።

እኛ በበኩላችን በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የባሕር በር አገኘን፤ በ1955 ባሕር ኃይል አቋቋምን፤ በዓመቱ አሥመራ ላይ ኮሌጅ ተከፈተ። ዋናው ጦር ሰፈር ምጽዋ ሆነ። የኖርዌይ መኮንኖች መጥተው አሠለጠኑ። የንጉሡ የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታ ምክትል አዛዥ ሆኑ። (ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከስልሳዎቹ ጋር ተረሸኑ። ይህ ሌላ ወግ ነው።) ኦርካ በ1962 ጥር ላይ ለኢትዮጵያ ተላልፋ የአገሪቱን ስም ያዘች። ማሠልጠኛም፣ የክብር መርከብም ነበረች። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቪየትም የጦር መርከቦች እንግዳ ሆነው ይመጡ ነበር፤ ጃንሆይም ይወርዱ ነበር። የቀዝቃዛው ጦርነት ባላንጣዎች አንድ ወደብ ላይ ጎን ለጎን ታስረው የሚውሉት የእኛን ድግስ ሊበሉ ነበር ማለት ነው።

ያን ጊዜ የማቆሚያ ዋጋ የሚባል ነገር ለማንም ትዝ አይለውም። ወደቡም የአገሪቱ፣ መርከቡም የአገሪቱ፤ ክፍያው ቢኖርም ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ነው። የቆመች መርከብ ግን ያኔም ትበላ ነበር። ጸሐፊያችን ሲያወሩ፣ «ባሕር ላይ ከሆንን ይልቅ ታስረን ስንውል ነበር የሚደክመን። ዝገት መፋቅ፣ መቀባት፣ ደግሞ መፋቅ! ምጽዋ ላይ ብረት በጠዋት ስትነካው እጅ ያቃጥላል። ከአንዱ ጫፍ ፍቀህ ሌላው ጫፍ ስትደርስ የጀመርክበት ዝጎ ይጠብቅሃል» ይላሉ። ሞተሩ በየጊዜው መዞር አለበት። የመንጃው ዘንግ ከሆዷ በሚወጣበት በኩል ጥቂት ጥቂት ውኃ ሁልጊዜ ይገባል፤ ፓምፑ ይስበዋል። ፓምፑ መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ ጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ ናፍጣው ገንዘብ። ሰንሰለቱ ይህ ነው። አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ መርከቧ ማንም ሳይነካት፣ አንድ ጥይት ሳይተኮስባት፣ ቀስ ብላ ወደ ታች ትሄዳለች።

ሰንሰለቱ መበጠስ የጀመረው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ስትገባ ነው። የቀሩት መርከቦች ዳህላክና አሰብ ላይ ከረሙ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሥመራም አሰብም በተከታታይ ቀናት ወደቁ፤ ወዲያው አዲስ አበባ ተከተለች። መንቀሳቀስ የቻሉት መርከቦች ሠራተኞቻቸውን ይዘው ወጡ። አብዛኞቹ የመን ገቡ። «ኢትዮጵያ»ም ከእነዚያ አንዷ ነበረች። ስሟን አስቡት፤ አገሩ መንግሥት ሲለውጥ «ኢትዮጵያ» የሰው ወደብ ላይ ታስራ ቆመች።

ጸሐፊያችን አንዷ ትንሽ ጀልባ ላይ መካኒክ ሆነው ተሻግረዋል። ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወሩም። አንዴ ብቻ የነገሩኝ፣ የቀረችውን ናፍጣ ለፓምፑ ብለው በብርጭቆ ለክተው ይጠቀሙ እንደነበረ ነው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለማይታወቅ ጀልባ ደመወዝ የማይከፈለው ሰው ሌሊት ተነሥቶ ውኃ ሲስብ ይታያችሁ። «ለምን ጋሼ?» ብላቸው፣ «እንዴት ለምን ትላለህ? እየሰመጠች እኮ ነው!» አሉኝ። ከጓደኞቻቸው ከፊሉ ወደ ሌላ አገር ተሰደዱ፤ ከፊሉ እዚያው የመን ለብዙ ዓመታት ስደተኛ ሆነው ቀሩ። እሳቸው በ1985 ዓ.ም. አገራቸው ገቡ።

በዚያው ጊዜ፣ በ1993፣ የመን እንግዳ ማስተናገዱ በቃኝ አለች። መርከቦቹ ይውጡ ተባለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይፋቁና ሳይቀቡ ከቆሙት ውስጥ ብዙዎቹ መሄድ አልቻሉም። «ኢትዮጵያ» እዚያው ቀርታ ለአሮጌ ብረት ተሸጠች፤ ዕድሜዋ ሃምሳ ዓመት ሞልቶ ነበር። ሞተራቸው የሚነሣላቸው ጅቡቲ ገቡ። ያው ዓመት ኤርትራ ነጻ አገር ሆና የታወጀችበት ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያ አንድ ጋት የባሕር ዳርቻ ሳይኖራት ጅቡቲ ላይ የታሠሩ የጦር መርከቦች፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የባሕር ኃይል ዋና መምሪያ ነበራት ማለት ነው። ሁለቱም እስከ 1996 ዘልቀዋል።

የወደብ ሒሳብ ደግሞ አገር ፈረሰ፣ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ ብሎ አይቆምም። በየቀኑ ይጻፋል። ጅቡቲ በ1996 ባልተከፈለ የወደብ ክፍያ ምክንያት መርከቦቹን ያዘችና ለሐራጅ አወጣች።  ኤርትራ 16ቱን የመግዛት ፍላጎት አሳይታ ነበር። ከየመን ጋር በደሴቶች ምክንያት ተፋጥጣ ስለነበር ነገር ላለማባባስ በመጨረሻ አራት ብቻ ወሰደች፤ አንዷ የሶቪየት ሥሪት የሚሳይል ጀልባ፣ ሦስቱ አሜሪካ ሠራሽ የቅኝት ጀልባዎች። የተቀሩት ወደ ብረት ማቅለጫ ሄዱ። በዓመቱ መጨረሻ ዋና መምሪያውም ተዘጋ። ከአርባ ዓመት በላይ ዕድሜ የነበረው ባሕር ኃይል የመጨረሻ ገጹ የውጊያ ታሪክ አይደለም፤ የማቆሚያ ደረሰኝ ነው።

በሕጉ በኩል ነገሩ አያስደንቅም። የመርከብ ዕዳ ከየብስ ዕዳ የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው፤ ባለቤቱን ሳይሆን ራሷን መርከቧን ነው የሚይዘው። መርከብ ሂያጅ ናት፤ ባለቤቷ ዓለም ጫፍ ላይ ሊሆን ይችላል፤ እሷ ግን ወደቡ ውስጥ ናት። በ1926 ብራስልስ ላይ የተፈረመው ስምምነት የወደብ ክፍያን መጀመሪያ ከሚከፈሉት የመርከብ ዕዳዎች ተርታ ነው ያስቀመጠው። እኛም በ1952 ዓ.ም. የባሕር ሕግ ስናወጣ የዓለሙን መንገድ ይዘናል። ለጦር መርከብ በተለምዶ ከዚህ የሚከላከላት ክብር አላት፤ ግን ያ ክብር የሚሠራው «የእኔ ናት» ብሎ የሚቆም መንግሥት ሲኖራት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። የሽግግሩ መንግሥት ባሕር ኃይሉን ማቆየት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም በሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈስሷል፤ እኔ አልጨምርበትም። ጦርነት የጠገበ፣ ዳቦ የቸገረው አገር የጦር መርከብ ልቅደም ቢባል ሰሚ አያገኝም ነበር። እሺ፣ አንፈልግም ከተባለ ግን ሞተራቸው ሳይጠፋ በ1983 እና በ1984 ዓ.ም. በደህና ዋጋ መሸጥ ይቻል ነበር። እንፈልጋለን ከተባለም ሒሳቡን መክፈል። ሁለቱም ውሳኔ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሦስተኛው ነው፤ ደብዳቤ ሲመጣ መዝገብ ቤት ማስቀመጥ። ይህን በሽታ በየቀበሌው እናውቀዋለን። ያቺ ወረቀት ስታድር ወለድ ትወልዳለች።

ደግሞ ከወደብ ክፍያ ጋር ያለን ታሪክ በዚህ አልተጀመረም። አፄ ዮሐንስ በሰኔ 1884 ዓድዋ ላይ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂውየት ጋር ሲዋዋሉ ካገኟቸው ነገሮች አንዱ በምጽዋ የሚያልፈው የኢትዮጵያ ዕቃ፣ መሣሪያውም ጭምር፣ በነጻ እንዲተላለፍ ነው። ወደቡን አይደለም ያገኙት፤ ከወደቡ ሒሳብ ነጻ መሆንን ነው። በስምንት ወሩ ጣሊያን ምጽዋ ላይ ወረደ። የወረቀቱ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር።

በአንጻሩ የንግድ መርከቦቻችንን ተመልከቱ። በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት ያንኑ ማዕበል አልፎ ተርፏል። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋ፤ ጭነቱ ሁሉ ጅቡቲ ሆነ፤ ድርጅቱ እዚያም ሠራ። በ2011 ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ስሙን ረዘም አደረገ። ሊተርፍ የቻለው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ጀግና ስለሆነ አይደለም፤ የንግድ መርከብ ስትሄድ ውላ የቆመችበትን ራሷ ስለምትከፍል ነው። ለእሷም ቢሆን መቆም ኪሳራ ነው፤ ወደብ ላይ ሳትራገፍ የዋለችበት ቀን በዶላር ይታሰባል። ይህን የሚያውቁት አስመጪዎች ብቻ አይደሉም፤ ዞሮ ዞሮ ዘይትና ስኳር ላይ ተጨምሮ ቤታችን ይገባል።

ባሕር ኃይሉ እንደገና እንዲቋቋም በ2018 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሐሳቡን ይፋ አድርገዋል፤ በ2019 ደግሞ ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈርሟል። ወጣቶች ነጭ ልብስ ለብሰው ሲሰለፉ በቴሌቪዥን ሳይ ዓይኔ ሰልፉ ላይ፣ ሐሳቤ ማቆሚያው ላይ ነበር።

ከሲያትል ስመለስ ለጸሐፊያችን ፎቶግራፎቹን ይዤላቸው ሄድኩ። ወር የገባበት እሑድ ነበርና ጠረጴዛቸው ላይ አገኘኋቸው። ስልኬን ተቀብለው ሐይቁን፣ ሆቴሉን፣ ጀልባዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ብዙ ዝም አሉ።

«እነዚህ ናቸው አሁን እዚያ የሚታሠሩት?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስንት ሜትር ትላቸዋለህ?»

«ዘጠኝም፣ አሥርም፣ አሥራ አምስት የሚሆኑም አሉ።»

«ይከፍሉበታል?»

«በርዝመት ነው የሚያስከፍሏቸው። እያንዳንዷ ጫማ ትቆጠራለች።»

የእድሩን ደብተር ገለበጡና የመጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ 95 ብለው ጻፉ። «በል ለሜትር በቀን አንድ ዶላር እንበል፤ እንዲያው ለስሌት ነው» አሉና በ365 አባዙት። 34,675 መጣ። ከሥሩ ሰመሩበት። የሁለቱን ዓመት ደመሩ፤ 69,350። መነጽራቸውን አወለቁና ቁጥሩን ለጥቂት ጊዜ አዩት።

«ይኸው ነው?» አሉ።

ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፤ ደብተሩን ወደ ፊት ገለበጡና የሚቀጥለውን ውዝፍ ያለበትን ሰው ስም ጠሩ።